በወንዝ ዳር ቁፋሮ፦ ንብርብሩን ያስቀመጠው ማን ነው?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ወንዝ በሸረሸረው ዳርቻ ላይ ገልና ከሰል የበዛበት ጥቁር አፈር ታይቷል፤ ከሥሩም በሰልፍ የተተከሉ የእንጨት ካስማዎች ብቅ ብለዋል። ገሉ የ14ኛው ወይም የ15ኛው ክፍለ ዘመን ይመስላል። የቁፋሮ ፈቃድ አለን፤ ሰባት ሰዎች ነን፤ ውሃው በሚጎድልበት ወቅት ስድስት ሳምንት ተሰጥቶናል። የታችኛው ክፍል ውሃ ያዘለ ነው። ከየት እንጀምር? ጎርፍ ያመጣውን አፈር ሰው ከኖረበት እንዴት እንለይ? ዕድሜውንስ በምን እናረጋግጥ?»

ስድስት ሳምንት ለሰባት ሰው ሰፈሩን ገልጦ ለማየት አይበቃም። ሰፈሩ እንዴት እንደተመሠረተ፣ ስንት ጊዜ እንደታደሰና መቼ ገደማ እንደተተወ ለማወቅ ግን ይበቃል፤ ጉድጓዱ ትንሽ ሆኖ ትክክለኛው ቦታ ላይ ከተከፈተ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት አካፋ የማይነሳበት፣ ቦታ የሚመረጥበት ሳምንት ይሁን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዝ ዳር ላይ አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ዕቃው የተገኘበት ቦታ ያገለገለበት ቦታ ነው ብሎ ከማሰብ ነው። ኮረብታ ላይ ያለ ደረቅ ሰፈር ሲቆፈር ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ወንዝ ዳር ግን አፈሩን ወይ ወንዙ አምጥቶታል፣ ወይ ሰው መሬት ለማስፋት ከሌላ ቦታ አግዞ ደፍቶታል፣ ወይ እዚያው ሲኖርበት ጥቂት በጥቂት ተጠራቅሟል። ሦስቱም በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ። ለንደን ውስጥ የቴምዝ ሰሜናዊ ዳርቻ ከሮማውያን ዘመን ወዲህ በአንዳንድ ቦታ ወደ 100 ሜትር ያህል ወደ ወንዙ ገብቷል። ነዋሪዎቹ የእንጨት መከላከያ ግድግዳ እያቆሙ፣ ከጀርባው የከተማውን ቆሻሻና አፈር እየሞሉ፣ ግድግዳው ሲያረጅ ሌላ ከፊቱ እያቆሙ ስለሄዱ ነው። እናንተም በሰልፍ ያያችኋቸው ካስማዎች የቤት ግድግዳ ከመሆን ይልቅ እንዲህ ያለ መከላከያ፣ የጀልባ ማቆሚያ ወይም የዓሣ ማጥመጃ አጥር የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። ሰልፉ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ ከጀርባው ሳንቃ ወይም የተጠላለፈ ጭራሮ ካለው መከላከያ ነው። ወደ ወንዙ መሐል አግድም የሚገባ ወይም ሁለት ክንድ ሆኖ የሚጠብ ከሆነ የዓሣ አጥርን አስቡ።

ከየት እንጀምር ላላችሁት፣ ከተሸረሸረው ዳርቻ ጀምሩ። ወንዙ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ቆፍሮላችኋል። ከ8 እስከ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል ምረጡና ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እየቆረጣችሁ ቀጥ ያለ ግድግዳ አውጡ። የምታጸዱት ከላይ ወደ ታች ይሁን፤ ከታች ከጀመራችሁ ከላይ የሚረግፈው አፈር ያጸዳችሁትን መልሶ ያቆሽሸዋል፣ ሥሩ የተቦረቦረ ግድግዳም ሰው ላይ ይደረመሳል። ከፍታው ከ1.2 ሜትር ካለፈ በደረጃ ቁረጡት። የከፍታ መነሻ ነጥባችሁን ዳርቻው ላይ አትትከሉ፤ ቢያንስ 30 ሜትር ወደ መሬቱ ገብታችሁ በማይናድ ቦታ አቁሙት። አንድ ሌሊት በጣለ ዝናብ መነሻ ነጥባቸውን ከነዳርቻው ወንዝ የወሰደባቸው ቡድኖች አሉ፤ ከዚያ በኋላ የቀደሙትን ልኬቶች ከአዲሱ ጋር ማገናኘት አይቻልም።

ግድግዳው ሲቆረጥ አንድ ሰው ማስታወሻ ይዞ አጠገቡ ይቁም። ውሃ ያዘለና አየር ያልገባበት ጭቃ ገና ሲቆረጥ ወይራማ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ አየር ሲነካው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል። በውስጡ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች፣ የጭድ ንጣፎች፣ የእንጨት ፍቅፋቂዎች በግልጽ የሚታዩት በእነዚያ ደቂቃዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶው የሚነሳውና ቀለሙ የሚመዘገበው ወዲያው ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ በድጋሚ። በጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነጠብጣብ ካያችሁ ምልክት አድርጉበትና ቆይታችሁ ተመለሱ፤ ወደ ደማቅ ሰማያዊ ከተለወጠ ቪቪያናይት የሚባል የብረትና የፎስፌት ማዕድን ነው። አጥንት፣ እበት ወይም የሰው ዓይነ ምድር በበዛበትና ኦክስጅን በሌለበት አፈር ውስጥ ይፈጠራል። ለእናንተ ትርጉሙ ሁለት ነው፦ ሰው ወይም ከብት በቅርብ ነበር፤ እንጨት፣ ቆዳና ዘርም ሳይበሰብስ የቆየበት ቦታ ላይ ናችሁ። ግድግዳውን በ1 ለ10 መጠን ሳሉት። ከፎቶ የሚሠራው ባለ ሦስት አውታር ምስል ይጠቅማል፣ ግን ሥዕሉን አይተካም፤ ሲሳል ብቻ ነው ዓይን «ይህ መስመር የት ቆመ?» ብሎ የሚጠይቀው።

ከዚያ በእጅ መሰርሰሪያ ወደ መሬቱ ግቡ። 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግማሽ ቱቦ መሰርሰሪያ ለደለልና ለጭቃ በቂ ነው። ከወንዙ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠሩ ሦስት መስመሮች አውጡ፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ሜትሮች በየ5 ሜትሩ፣ ከዚያ በየ10 ሜትሩ ውጉ፤ እያንዳንዱ የተፈጥሮ ጠጠሩ ወይም ሰው ያልነካው ደለል ላይ ሲደርስ ይቁም። መሰርሰሪያው በወጣ ቁጥር የላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር ጣሉት፤ ከጉድጓዱ ግድግዳ የተፋቀ ነውና ያሳስታል። እንጨት ከነካችሁ በመዶሻ አትምቱ፤ 50 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ብላችሁ እንደገና ውጉ፣ እንጨቱ የተነካበትን ጥልቀት ግን መዝግቡ። ከሁለትና ሦስት ነጥብ ላይ በአንድ ጥልቀት እንጨት ከተነካ ግድግዳ ወይም ወለል አግኝታችኋል ማለት ነው።

በመሬት ላይ የሚደረገው የመሣሪያ ቅኝት ብዙ ተስፋ የሚጣልበት፣ ወንዝ ዳር ላይ ግን ብዙ የሚያሳፍር ነው። የአፈርን መግነጢስ የሚለካው ማግኔቶሜትር ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ደለል ከተጫነበት ትንንሽ ነገሮችን አያይም። የራዳር ሞገድ እርጥብ ሸክላማ አፈር ውስጥ ይሞታል። የሚሻለው የኤሌክትሪክ መቋቋምን የሚለካው ነው፦ 48 ዘንግ በ1 ሜትር ልዩነት ብትተክሉ 47 ሜትር መስመር ታገኛላችሁ፣ የሚያየው ጥልቀትም የርዝመቱ ስድስተኛ ያህል፣ ማለትም 8 ሜትር ገደማ ነው። የተሞላ አሮጌ የወንዝ መውረጃን ከጠጠሩ ይለይላችኋል። ካስማ ግን አያሳይም። ገንዘቡ ካነሰ ይቅር፤ መሰርሰሪያው ይበልጣል።

አሁን የጉድጓዱ ቦታ። ከወንዙ ጋር ቀጥ ባለ አቅጣጫ፣ የካስማውን ሰልፍ አቋርጦ እንዲያልፍ አድርጉት፤ ሁለት ሦስተኛው ከሰልፉ ጀርባ፣ አንድ ሦስተኛው ከፊቱ ይሁን። ብዙ ቡድን «ሰው የኖረው ከጀርባ ነው» ብሎ ፊቱን ይተወዋል፤ ትልቅ ኪሳራ ነው። ከመከላከያው ጀርባ ያለው ሙሌት በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት የተደፋ ነው፤ ውስጡ ያለው ገል መከላከያው ከመቆሙ በፊት የተሰበረ፣ ምናልባትም ከሩቅ የመጣ ነው። ከፊቱ ያለው ደለል ግን መከላከያው በአገልግሎት ላይ እያለ፣ ከጀልባ የወደቀውና ከዳር የተጣለው በየዓመቱ ሲከማችበት የቆየ ነው። የመጀመሪያው ስለ ግንባታው፣ ሁለተኛው ስለ አገልግሎቱ ይነግራችኋል። ሁለቱን በአንድ ከረጢት የቀላቀለ ሰው የሰፈሩን ዕድሜ በመቶ ዓመት ሊስት ይችላል።

ስፋቱን ስታሰሉ ደረጃውን አትርሱ። ከላይ 5 በ10 ሜትር ከፍታችሁ 1.2 ሜትር ላይ በየጎኑ የ1 ሜትር ደረጃ ብትተዉ ታች የሚቀራችሁ 3 በ8 ሜትር ነው። ሌላ 1.2 ሜትር ብትወርዱ በጠቅላላው ወደ 89 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። የላይኛው ባዶ የጎርፍ ደለል መሆኑ በመሰርሰሪያ ከተረጋገጠ ጥርስ በሌለው ባልዲ ማሽን በ10 ሳንቲ ሜትር እየተላጠ ይነሳ፣ አንድ ሰው ከፊቱ ቆሞ እያየ። የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ።

ውሃው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከጉድጓዱ አንድ ጥግ ላይ፣ ከምትሠሩበት ወለል 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ማጠራቀሚያ ቆፍሩ፤ የተበሳሳ ቱቦ ወይም በርሜል አቁሙበት፣ ዙሪያውን በማጣሪያ ጨርቅና በጠጠር ሙሉት፣ ፓምፑን እዚያ ውስጥ አስገቡ። ጠጠሩ ከሌለ ፓምፑ ከውሃው ጋር ደቃቅ አሸዋ ይስባል፤ አሸዋው ከግድግዳው ሥር ሲወጣ ላዩ ያለው ሸክላ አፈር ይንጠለጠልና ያለ ማስጠንቀቂያ ይወድቃል። ከወለሉ ላይ አሸዋ እንደ ፈላ ውሃ ሲቡለቀለቅ ካያችሁ ከታች ያለው የውሃ ግፊት ወለሉን እያነሣ ነው፤ ሰዎቹን አውጡ፣ መቆፈር አቁሙ፣ ውሃው መልሶ እንዲሞላ ተዉት። ከዚያ ወዲህ መቀጠል የሚቻለው ከጉድጓዱ ውጭ በሚተከሉ የውሃ መሳቢያ ዘንጎች ብቻ ነው፤ እነሱም ከ5 እስከ 6 ሜትር በላይ አይስቡም። ውሃውን በአንድ ጊዜ አታውርዱት፤ በቀን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ማታ ፓምፑ ከጠፋ ጠዋት የሚገኘው ጉድጓድ የትናንቱ አይደለም፤ ለመጠባበቂያ ሁለተኛ ፓምፕ ያስፈልጋል። የሚወጣው ውሃ በማዝቀጫ በርሜል አልፎ ከጉድጓዱ ወደ ታችኛው የወንዙ አቅጣጫ ይፍሰስ፤ ወደ ላይኛው ከፈሰሰ ያንኑ ውሃ ደግማችሁ ትስባላችሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፤ የሥራው እምብርት ይህ ነው።

ጎርፍ ያስቀመጠው አፈር የተበጠረ ነው። አሸዋው ከአሸዋ፣ ደለሉ ከደለል ጋር ይሄዳል፤ ቀጫጭን ንጣፎች አሉት፣ እያንዳንዱ ንጣፍ ከታች ሸካራ ሆኖ ወደ ላይ ይልማል። በታቹ ያለውን ገጽ እንደ ጨርቅ ያለብሰዋል፤ ጉብታው ላይ ይሳሳል፣ ጎድጓዳው ውስጥ ይወፍራል። ገል ካለበት ጠርዙ የተሞለሞለ፣ ቀለሙና ልባጡ የታጠበ ነው። የውሃ ቀንድ አውጣ ቅርፊት መገኘቱም ይረዳል።

ሰው የኖረበት ወለል ግን የተደባለቀ ነው። አመድ፣ የከሰል ፍርፋሪ፣ የዓሣ አጥንት፣ ጭቃ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተረግጦ ጠፍጥፏል። ገሉ ትንንሽ ነው፣ በጀርባው ተኝቷል፣ ስለተረገጠም ተሰባብሯል። ወለሉ ብዙውን ጊዜ በ1 እና 2 ሚሊ ሜትር የሚለካ የብዙ ጊዜ ልባጥ ስለሆነ በዓይን አንድ የሚመስለው 5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አሥራ ምናምን ጊዜ የታደሰ ወለል ሊኖር ይችላል። ይህን የሚፈታው የአፈር ስስ ቁራጭ ምርመራ ነው። ክዳን ያለው የብረት ሣጥን፣ 8 በ6 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ግድግዳው ላይ ተጭኖ አፈሩ ሳይነካካ ይወጣል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ በሙጫ ደርቆ 30 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ውፍረት እስኪቀረው ድረስ ይሞረዳል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሣጥኑ ላይ «ላይ» የሚል ምልክት፣ የንብርብሩ ቁጥርና ከፍታው ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። ሣጥኑን አንድ ንብርብር መሐል ላይ ሳይሆን የሁለት ንብርብሮች መገናኛ ላይ አስቀምጡት፤ ጥያቄው ያለው መገናኛው ላይ ነውና።

የተደፋው ሙሌት በጣም አሳሳች የሆነው ሦስተኛው ነው፤ ከሰልም ገልም አጥንትም ስለሚበዛበት መኖሪያ ይመስላል። መለያው ንጣፎቹ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ማዘንበላቸው ነው፤ ከጋሪ ወይም ከቅርጫት የተደፋ እያንዳንዱ ሸክም የራሱን ተዳፋት ሠርቷል። ገሉ ትልልቅ ነው፣ ስብራቱ አዲስ ይመስላል፣ የሚገኘውም እንደመጣለት ቆሞም ተገልብጦም ነው። የአንድ ማሰሮ ስባሪ በተለያዩ ንብርብሮች ውስጥ ተገኝቶ ከተገጣጠመ፣ እነዚያ ንብርብሮች የተለያየ ዘመን አይደሉም፤ በአንድ ሥራ ወቅት የተደፉ ናቸው። ስለዚህ ገሉን ስትቆጥሩ መዝኑትም፤ በየንብርብሩ ክብደቱን ለቁጥሩ አካፍሉት። ወለል ላይ ያለው አማካይ ክብደት ትንሽ፣ ሙሌት ውስጥ ያለው ትልቅ ሆኖ ካገኛችሁት ግምታችሁ መስመር ይዟል። ይህ አንድ ሚዛንና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ነው፤ ለምን ብዙ ሰው እንደሚዘለው አይገባኝም።

ያልተጠየቀ ግን መነሳት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ የእሳት ንብርብር። በኖርዌይ በርገን ከተማ፣ ብሪገን በሚባለው የወደብ ሰፈር በ1955 ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ በአስቢየርን ሄርቴይግ መሪነት የተካሄደው ቁፋሮ፣ የድሮ ቃጠሎዎችን ንብርብር በጽሑፍ ከሚታወቁት ከ1198፣ ከ1248፣ ከ1476 እና ከ1702 ቃጠሎዎች ጋር እያዛመደ የጊዜ ቅደም ተከተል ሠርቷል። ሐሳቡ ማራኪ ነው። ነገር ግን ቃጠሎው እዚያው የተነሳ ለመሆኑ ማስረጃው ከሰሉ ሥር ያለው አፈር መቅላቱና የተቃጠሉት ሳንቃዎች በቦታቸው መተኛታቸው ነው። ከሥሩ አፈሩ ካልቀላ የሌላ ቤት የእሳት ፍርስራሽ መጥቶ ተደፍቶ ይሆናል። የጎርፍ ንብርብርንም ዜና መዋዕል ውስጥ ከተጻፈ ጎርፍ ጋር ለማጣመር አትቸኩሉ፤ ዕድሜው በሌላ መንገድ ከታወቀ በኋላ ይደረስበታል።

ምዝገባው እያንዳንዱን ንብርብር፣ እያንዳንዱን ጉድጓድና እያንዳንዱን ካስማ በራሱ ቁጥር የሚይዝ ይሁን። ቅደም ተከተሉን የቁፋሮ ባለሙያው ኤድዋርድ ሃሪስ በ1973 በነደፈው፣ የትኛው ንብርብር ከየትኛው እንደሚቀድም በሚያሳየው ሠንጠረዥ በየምሽቱ ሙሉት። ለሳምንቱ መጨረሻ ከተቀጠረ ቅራኔዎቹ የሚገኙት ማስረጃው ከተቆፈረ በኋላ ነው።

ካስማዎቹ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። በጉድጓድ የተተከለ ምሰሶና በመዶሻ የተመታ ካስማ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተመታው ካስማ ጉድጓድ የለውም፤ ዙሪያው ያሉት ንጣፎች ከጎኑ ወደ ታች ተጎትተው ይታያሉ። ጫፉ ያረፈው ከራሱ በመቶዎች ዓመት በሚበልጥ ደለል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከ2 ሜትር ጥልቀት የወጣ የካስማ ጫፍ የዚያን ጥልቀት ዕድሜ አይነግርም። ካስማው ከወጋቸው ንብርብሮች ሁሉ ያነሰ፣ ራሱን ከሸፈነው የመጀመሪያ ንብርብር የበለጠ ዕድሜ አለው። ይህን ለማየት ከካስማው ግማሹን ብቻ ገልጣችሁ ግድግዳው ላይ በቁርጥ እንዲታይ አድርጉ። ሳትስሉት አታውጡት፤ ካወጣችሁት በኋላ ደግሞ ጫፉን በገደምዳሜ ብርሃን ተመልከቱ። የመጥረቢያው ምቶች በሚገባ ከተጠበቁ በምላጩ ላይ የነበሩ ጥርስ መሰል ጉዳቶች ጭምር በእንጨቱ ላይ መስመር ትተው ይገኛሉ፤ አንድ ዓይነት መስመር ያላቸው ካስማዎች በአንድ መጥረቢያ፣ ምናልባትም በአንድ ሰሞን የተጠረቡ ናቸው።

ለዕድሜ ከሁሉም የተሻለው የዛፍ ቀለበት ነው፤ አካባቢው ዓመታቸው የታወቀ ቀለበቶች የተደረደሩበት የማነጻጸሪያ መዝገብ ካለውና ዛፉ በየዓመቱ አንድ ቀለበት የሚያወጣ ከሆነ። በሩሲያ ኖቭጎሮድ፣ በቮልኮቭ ወንዝ ዳር፣ በእርጥብ አፈር የተጠበቁ 28 ተደራራቢ የእንጨት መንገድ ንጣፎች በዚህ ዘዴ ከ953 እስከ 1462 ድረስ ተደርድረዋል። ለናሙና ቢያንስ 50 ቀለበት ያስፈልጋል፤ 80 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዝልዝል ቅርፊቱ ወይም ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጭ እንጨት ከቀረበት ቦታ ይቆረጣል። ቅርፊቱ ካለ ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት ታገኛላችሁ። ለኦክ ነጭ እንጨቱ ብቻ በከፊል ከቀረ የጠፋውን መገመት ይቻላል፣ በአብዛኛው ከ10 እስከ 50 ገደማ ቀለበት ነውና። ነጩ ሙሉ በሙሉ ተጠርቦ ከጠፋ የምትሉት «ከዚህ ዓመት በኋላ» ብቻ ነው።

ሳንቃዎች ላይ አገልግሎት የሌለው ብስ፣ ባዶ ማያያዣ ጉድጓድ፣ የብረት ምስማር ቀዳዳ በሰልፍ ወይም የቅጥራን ቅሪት ካያችሁ፣ እንጨቱ ከፈረሰ ጀልባ ወይም ቤት የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ሳንቃ የሚነግራችሁ የጀልባውን ዕድሜ እንጂ የመከላከያውን አይደለም። ለመከላከያው ከነቅርፊታቸው የተተከሉትን ጥሬ ካስማዎችና ሽብልቆች ናሙና ውሰዱ። አዲስ እንጨት ሳይደርቅ ሥራ ላይ መዋሉ የተለመደ ነበር፤ በ1962 በቬዘር ወንዝ ውስጥ የተገኘው የብሬመን መርከብ እንጨት የተቆረጠው በ1378 ሲሆን መርከቡ የተሠራው በ1380 ገደማ ነው።

የማነጻጸሪያ መዝገብ ከሌለ ራዲዮካርቦን ይቀራል፣ ማለትም በሕይወት በነበረ ነገር ውስጥ የቀረውን ጨረራማ ካርቦን ለክቶ ዕድሜ ማስላት፤ የእናንተ ዘመን ደግሞ ለእሱ አስቸጋሪ ነው። የተለካውን የካርቦን ዕድሜ ወደ ትክክለኛ ዓመት የሚለውጠው የማስተካከያ መስመር በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወጣ ገባ ይላል። 600 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 30 የካርቦን ዓመት (ከ1950 ወደ ኋላ የሚቆጠር) የሚል ውጤት ሲስተካከል ከ1300 እስከ 1410 ገደማ ይዘረጋል፣ ያውም ለሁለት ተከፍሎ። አንድ ናሙና ልኮ «ሰፈሩ የ1350 ነው» ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቢያንስ 60 ዓመታዊ ቀለበት ካለው አንድ ካስማ ላይ ከውስጥ፣ ከመሐልና ከውጭ ሦስት ናሙና መላክ፤ በመካከላቸው ያለው የዓመት ብዛት ስለሚታወቅ ከመስመሩ ወጣ ገባ ጋር ይገጣጠሙና ክልሉ ከመቶ ዓመት ወደ ጥቂት አሥርታት ሊጠብ ይችላል። ሁለተኛው፣ በቅደም ተከተል ከተደረደሩ አምስትና ስድስት ንብርብሮች ናሙና ወስዶ ቅደም ተከተሉን ከውጤቱ ጋር በቤይዝ ስሌት፣ ማለትም አስቀድሞ የታወቀውን ከልኬቱ ጋር በሚያዋህድ የዕድል ስሌት ማጣመር ነው።

የሚላከው ዕድሜው አጭር የሆነ ነገር ይሁን፦ እህል፣ የፍሬ ቅርፊት፣ ቅርፊት ያለው ጭራሮ። አንድ የተቃጠለ የእህል ፍሬ ይበቃል። ከትልቅ ግንድ መሐል የመጣ ከሰል ከእሳቱ በመቶ ዓመት ሊቀድም ይችላል። ዓሣ፣ ቀንድ አውጣና ዓሣ በብዛት የበላ ሰው አጥንት በተለይ ኖራ በበዛበት ወንዝ ላይ ከእውነተኛው ዕድሜ አርጅቶ ይወጣል፤ በማሰሮ ውስጥ ተጣብቆ የቀረ የምግብ ቅሪትም ዓሣ ተቀቅሎበት ከሆነ እንዲሁ ያሳስታል። ወንዝ ዳር ሰፈር ላይ ይህ የዳር ጉዳይ አይደለም።

የአፈር ናሙናን በተመለከተ ከእያንዳንዱ ደህና ንብርብር ከ40 እስከ 60 ሊትር ውሰዱ፤ ንብርብሩ ትንሽ ከሆነ ሙሉውን። ለተቃጠለ እህል በውሃ ማንሳፈፍ ይሠራል፦ የሚንሳፈፈውን በ0.25 ወይም በ0.3 ሚሊ ሜትር፣ የሚቀረውን በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያዙ። ውሃ ካዘለ ንብርብር የተወሰደ ያልተቃጠለ ዘር ግን ከቶ አይድረቅ፤ ከደረቀ ይሰነጠቅና መለየት አይቻልም። ለእሱ ከናሙናው 1 ሊትር ለይታችሁ በዝግ ባልዲ ለቤተ ሙከራ ያዙ። ለዓሣ አጥንት 2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ግድ ነው። በእጅ ብቻ ከተለቀመ ትልልቁ ዓሣ ብቻ ይገኝና «ነዋሪዎቹ ትልቅ ዓሣ ብቻ ይበሉ ነበር» የሚል ድምዳሜ ይጻፋል።

እንጨቱ ከተገለጠ ጀምሮ ይሞታል። በእርጥብ ስፖንጅና በላስቲክ ሸፍኑት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ውሃ ርጩበት፣ ፀሐይ አይንካው። ላዩን በጣት ወይም በለስላሳ ብሩሽ እንጂ በማንካ አትፋቁት፤ በጥፍር የሚጫር እስኪሆን ድረስ የለሰለሰ ነው። የምታወጡትን በውሃ በተሞላ ዕቃ፣ በጨለማና ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ አስቀምጡ። ለራዲዮካርቦንና ለቀለበት የሚሆነውን ናሙና ከማንኛውም ሕክምና በፊት ለዩ፤ እንጨት ለመጠበቅ የሚገባው ፖሊኢታይሊን ግላይኮል ከነዳጅ የሚሠራ ስለሆነ ናሙናው በራዲዮካርቦን ሲለካ ከዕድሜው በላይ አርጅቶ እንዲወጣ ያደርጋል። ለጥበቃ ምን ያህል ዓቅም እንደሚጠይቅ ለመገመት፣ የብሬመኑ መርከብ ሕክምና ያበቃው በ1999፣ ከተገኘ 37 ዓመት በኋላ ነው። ማከሚያ ቦታና ገንዘብ ካልተረጋገጠ ትልልቁን እንጨት ስላችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ዝልዝል ወስዳችሁ በቦታው ተዉት።

ስድስተኛውን ሳምንት ለመዝጊያ ያዙ። ፓምፑ ከመቆሙ በፊት እንጨቱን በማጣሪያ ጨርቅ ሸፍኑ፣ በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር የታጠበ አሸዋ አልብሱ፣ ከዚያ ከጉድጓዱ የወጣውን ጭቃ በ30 ሳንቲ ሜትር እየጠቀጠቃችሁ መልሱ። ላስቲክ አትጠቀሙ፤ ውሃው እንደ ቀድሞው እንዳይዘዋወር ይከለክላል። በሙሌቱ ውስጥ የተበሳሳ ቱቦ አቁማችሁ ጫፉን ከመሬት በላይ ተዉት፤ በደረቁ ወቅት በየወሩ ውሃው የቆመበትን ከፍታ ለኩበት። ውሃው ከካስማዎቹ ራስ በታች ከወረደ እንጨቱ መበስበስ ይጀምራል፤ ቀጣዩ የቁፋሮ ፈቃድ መቼ መጠየቅ እንዳለበት የሚወስነውም ያ ልኬት ነው።